ከንፈር የሌለው ቋንቋ

ጋሽ ረሻድ ወሬ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ያወራች ሰፊ ትሳሳታለች፣ የተሳሳተች ሰፊ ጨርቅ ታበላሻለች ብለው ያምናሉ። ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለችው የስፌት ቤታቸው የቀጠሯቸው ሁለት ልጃገረዶች፣ ዙቤዳና አልፊያ፣ ሲንጫጩ እየዋሉ ጆሯቸውን ቢያደነቁሯቸው አንድ ቀን ዘዴ ዘየዱ። "ከዛሬ ጀምሮ ስፒል በከንፈር ይያዛል" አሉ። "ስፒሉም መሬት ወድቆ የደንበኛ እግር አይወጋም፣ እናንተም ታርፋላችሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።" በብልሃታቸው ራሳቸው ሲስቁ ዋሉ። የሁለት ኮረዶችን ምላስ በስፒል አጥረው ሊያስቀሩ ያሰቡት እኒህ ሰው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አዲስ ቋንቋ እንዲወለድ ምክንያት መሆናቸውን ሳያውቁ አረጁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ የሃምሳዎቹ አጋማሽ። ኮልፌ ያኔ ግማሽ ከተማ ግማሽ ገጠር ነበረች። በቀራንዮ በኩል እንጨት የጫኑ አህዮች ይመጣሉ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ አውቶቡስ የፈለገ ሰው ጥሩ እግር ያስፈልገዋል። ጋሽ ረሻድ ለመርካቶ ነጋዴዎች ጉርድ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ጨርቅ የሚቆርጡትም፣ የስፌት መኪናውን የሚረግጡትም እሳቸው ናቸው። ዙቤዳ የቀሚሱን ጠርዝ እያጠፈች በስፒል ታያይዛለች፤ አልፊያ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጣ በእጅ መርፌ እየዘመዘመች ስፒሉን ትነቅላለች። አንዷ የሰካችውን ሌላዋ ስትነቅል፣ ስፒሉ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ሲዞር ይውላል። የንጽሕናውን ነገር ተዉት። ሁለቱም ከአንድ ሣህን የሚበሉ፣ በአንድ ጃንጥላ የሚሄዱ ስለነበሩ ማናቸውም አልተጸየፉም።

ታዲያ ከንፈሩን ገጥሞ ስፒል የያዘ ሰው ምን ሊናገር ይችላል? ብዙ ነገር፤ ግን ሁሉንም አይደለም። መ ያለ ከንፈር አይሆንም፣ ስፒሉ ዱብ ይላል። በ የሚለውም እንዲሁ። ፈ የታችኛውን ከንፈር ጥርስ ሥር ይከተዋል። ወ ደግሞ አፍን ያሞጠሙጥና ስፒሉን እንደ ጃርት እሾህ ያስቆመዋል። እነዚህ አራቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተባረሩ። ካዕብና ሳብዕም በዚያው በር ወጡ፤ ኡ እና ኦ ያለ ማሞጥሞጥ አይነገሩማ። የቀረው ምላስ፣ ጥርስ፣ ላንቃና ጉሮሮ ብቻቸውን የሚሠሩት ድምፅ ነበር። ደግነቱ አማርኛ ውስጥ ከንፈር የማይነካ ቃል ሞልቷል፤ ክር፣ ጣት፣ እንጀራ፣ ሳቅ፣ እህቴ። እነዚህን እንዳሉ ወሰዷቸው።

አንድ ድምፅ ግን በጥብቅ ታገደ። እኛ አገር ሰው አዎ ማለት ሲሰለቸው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ያ ብቻውን መልስ ነው። አልፊያ አንድ ቀን "ክር አለቀ?" ተብላ ስትጠየቅ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ሳብ ብታደርግ አንዷ ስፒል ወደ ጉሮሮዋ ጉዞ ጀመረች። ዙቤዳ ጀርባዋን በቡጢ እየደለቀች፣ ጋሽ ረሻድ ቁርአን እየቀሩ በስንት መከራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አዎ ማለት ሲፈልጉ ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣብቀው ጠቅ ያደርጉ ጀመር። አንድ ጠቅታ አዎ ሆነ፣ ሁለት ጠቅታ የለም። ጋሽ ረሻድ የመኪናው ጥርስ የላላ እየመሰላቸው ዘይት ሲቀቡት ይከርማሉ።

ከንፈር ላለባቸው ቃላት መጀመሪያ አንዱን ፊደል በሌላ እየተኩ ሞክረው ነበር። አልሆነም፤ ጋሽ ረሻድ ጆሯቸው ቀጭን ስለነበር ሊደርሱበት ሆነ። ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር ያዙ። እዚህ ላይ የቁርአን ቤት ትምህርት ረዳቸው። የዐረብኛውን ሐ ከደረት፣ ኸን ከጉሮሮ፣ ዐይን የሚባለውን ፊደል ከምላስ ሥር ማውጣት ልጅ ሆነው ተገርፈው ተምረዋል። ውሃ ዒሕ ተባለ። ሒሐ ማለት ሳይጠሩት የሚመጣ ደንበኛ ነው። የጋሽ ረሻድ ስም በክፉ ዕድል ከንፈር የማይነካ ነበረና፣ በስሙ ቢያሟቸው ስለሚሰሙ፣ ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፉ በሚያሰሙት ድምፅ ኸርር ብለው ሰየሟቸው። ዙቤዳ ዘዒ ሆነች። አልፊያ ሊሒ። ቃል የሚያበጁት ግን ሲቸግራቸው ብቻ ነው። ለረሃብ አበጁ፣ ለጠማማ ስፌት አበጁ፣ ለቀብራራ ሴት አካሄድ ሦስት ዓይነት አበጁ። ለናፍቆት አላበጁም። ጎን ለጎን ተቀምጦ ማን ይናፈቃል?

ዙቤዳ በአማርኛ ዓይን አፋር ነበረች። ቤታቸው ልጅ ይበዛበታል፤ እሷ ታላቅ ስለሆነች ትታዘዛለች እንጂ አትጠየቅም። እንግዳ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀራለች። በስፒሉ ቋንቋ ግን ሌላ ሰው ናት፤ ተረበኛ፣ ደፋር፣ ነገር አዋቂ። አልፊያን በሣቅ አፍርሳ መርፌ ታስጥላታለች። ዙቤዳ ራሷ ስትስቅ የምትገኘው እዚያ ጥግ፣ ከዚያች ልጅ አጠገብ ብቻ ነበር። ይህንንም ታውቀዋለች። አላህ ይህን ቤት አይዝጋብኝ እያለች ትሰግድ ነበር።

ከዚያ አልፊያን ለጋብቻ የጠየቀ የጅማ ሰው መጣ። ቡና ነጋዴ ነው፣ ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ጠባዩ የተመሰገነ። አልፊያ አባቷ ሞቶባት ያደገችው አጎቷ ኑርጋ ቤት ነው፤ ኑርጋም ቤተሰብ የከበደው ሰው ነበርና ነገሩን ወደደው። የኑርጋ ሚስት ለመግሪብ ሶላት ውሃ ሲቀዱ ዙቤዳን አግኝተው ክንዷን ያዝ አደረጉ። "የልብ ጓደኛዋ አንቺ ነሽ" አሏት። "ሰውየው ለራሷ የስፌት መኪና ሊገዛላት ነው። የምትሰማው አንቺን ነውና፣ ዕድሏን እንዳትዘጊባት አደራ።" ዙቤዳ እሺ አለች። ሌላ ምን ትበል? አደራ ካሏት ሰው ጋር ተከራክራ አታውቅም።

ደንቡ ልጅቱ ቤቷ ተቀምጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንድትጠየቅ ነበር። የጅማው ሰው ግን የጅማ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሆነና ኑርጋ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ በቀጥታ ስፌት ቤት ገባ። ጋሽ ረሻድ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። አልፊያ እጇ ላይ ሰማያዊ ጉርድ፣ ከንፈሯ ላይ ደርዘን የሚሆን ስፒል ነበራት።

"ልጄ አልፊያ" አለ ኑርጋ፣ ቆሞ። "ነገሩን ታውቂዋለሽ። ሸሪዓው ሳትጠየቅ አትሰጥ ይላል፤ እኔም እነዚህን አባቶች ምስክር አድርጌ እየጠየቅሁሽ ነው። ለዚህ ሰው ብሰጥሽ ትወጃለሽ?"

በእነሱ ዘንድ ልጃገረድ ስትጠየቅ አፍ አውጥታ እሺ አትልም፤ ነውር ነው። ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ካልፈቀደች ብቻ ትናገራለች። ስፒል የጎረሰች ልጅ ዝም ብትል እንደ ፈቀደች ይቆጠር አይቆጠር የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ዝምታዋን ይጠብቃሉ። አልፊያ ስፒሏን አላወጣችም። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ዙቤዳ መለሰች።

"ዘዒ" አለች ከጥርሷ ጀርባ። "ልሂድ?"

ለሽማግሌዎቹ የኮረዳ እፍረት ማጉረምረም መሰላቸው፤ አንደኛው እንዲያውም ፈገግ አለ። ዙቤዳ ግን ሰምታለች። የአልፊያ ዓይን ቀልድ አልነበረበትም።

ዙቤዳ መልስ ፍለጋ ገባች። ልቧ የሚለውን ታውቀዋለች፤ ቃሉ ግን ከየት ይምጣ? እወድሻለሁ እንዳትል ወ አለበት። ትናፍቂኛለሽ ፍ አለበት። ብቻዬን እቀራለሁ ገና ከመነሻው ከንፈር ያስገጥማል። ለእነዚህ ነገሮች አንድም ቀን ቃል አላበጁላቸውም፤ ለቀብራራ ሴት አካሄድ ሦስት ቃል ያላቸው ልጆች! ስፒሉን ትፍ ብላ በአማርኛ እንዳትናገር፣ በአማርኛ እሷ ከመጋረጃ ጀርባ የምትቀረዋ ዙቤዳ ናት፣ ፊቷ ደግሞ ሦስት ወንድ ቆሟል። የአልፊያ ዓይን አልተነቀለም። የኑርጋ ሚስት አደራ ትዝ አላት። በመጨረሻ ዙቤዳ ምላሷን ከላንቃዋ አጣብቃ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገች።

አልፊያ ወደ ጉርዱ አጎነበሰች። "ማሻ አላህ" አለ ኑርጋ፣ ሽማግሌዎቹም ተከተሉት።

አልፊያ በወሩ ሄደች። ሰርጉ ደግ ሰርግ ነበር፤ ዙቤዳ እንግዳ ስታስተናግድ ስለዋለች አላለቀሰችም። ያለቀሰችው በሳምንቱ ነው፣ ሥራ ቦታዋ ተቀምጣ፣ የሰካችውን ስፒል የሚነቅልላት ሰው አጥታ ራሷ ስትነቅል።

በአልፊያ ቦታ ሰብሌ የምትባል ልጅ ተቀጠረች፤ ወላጆቿ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ቀራንዮ አጠገብ የሠፈሩ፣ ጥርሷ የማይከደን፣ ቅን ልጅ። ሰብሌ ስፒል በከንፈር ያዢ ስትባል ከት ብላ ሳቀች። "ጋሼ፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ጃርት ነኝ?" አለቻቸው። በማግስቱ ቁራጭ ጨርቅ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ ትንሽ ትራስ ሰፍታ መጣችና ስፒሉን ሁሉ እዚያ ላይ ሰካችው። ጋሽ ረሻድ አርጅተው ስለነበር ተሸነፉ። በአንዲት እፍኝ በማትሞላ ትራስ የቋንቋው አገር ጠፋ።

ዙቤዳ ብቻ ስፒሏን በከንፈሯ መያዟን ቀጠለች። ሰብሌ ምን ሆነሽ ነው ስትላት "ለመደብኝ" ትላለች። አንድ ሰሞን ናፍቆቱ ሲጸናባት ሰብሌን ላስተምራት ብላ ነበር። ጠቅታውን አሳየቻት፣ ዒሕን አስጠናቻት። ሰብሌ ፈጣን ነበረችና ወዲያው ያዘችው፤ ያን ጊዜ ነው ዙቤዳ የተቆጣችው። ቃሉ ከሌላ አፍ ሲወጣ የሟች ልብስ በሰው ላይ እንዳየች ሆነባት። "ተይው፣ የልጅ ጨዋታ ነው" ብላ ዘጋችው። ሰብሌ አልተቀየመችም፤ ግራ ገብቷት ብቻ ቀረች።

ዙቤዳም ዕድሜዋ ሲደርስ አገባች፤ ስፌት ቤቱን ግን አልተወችም። ባሏ ጀላል ቆዳ ነጋዴ ነው፣ ክፋት የሌለበት፣ ከመስጊድ ቤት ከቤት መስጊድ የሚል ሰው። ሚስቱ አንዳንዴ ዕቃ እያጠበች የሆነ ነገር ስታጉተመትም ይሰማል። "ዚክር ነው?" ይላታል። "አዎ" ትለዋለች። አይፈረድባትም። ባለ ሁለት ሰው ቋንቋ አንዱ ሲሄድ ከጸሎት በቀር ምን ይሆናል? ሰምቶ የሚመልስ የለውም። ከጅማ የመጣ ነጋዴ ሰላምታ ሲያደርስላት፣ "አልፊያ ደህና ናት፣ ወለደች፣ ደግሞ ወለደች" ሲላት፣ ዙቤዳ ደስ ብሏት ታመሰግናለች፤ ከዚያ ያቺን አንድ ጠቅታ ታስታውሳለች። ምን ላድርግ፣ ቋንቋችን ቃሉ አልነበረውም ብላ ራሷን ታጽናናለች። በዚህ ማጽናኛ ዓመታት ኖረች። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ዘመኑ ስልሳ አምስት ሲገባ ኑርጋ ሞተና አልፊያ ለለቅሶ ከጅማ መጣች። ዙቤዳ ሰምታ ስትሮጥ ሄደች፤ ልቅሶ ቤቱ ግን በሰው ተሞልቷል። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ በአማርኛ አላህ ያጽናሽ ተባባሉ። አልፊያ ወፍራለች፣ ክንዷ ከብዷል፣ ድምጿ ጎላ ብሏል። ዙቤዳ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ያንን አፍ ሰርቃ ታያለች። ረስታው ይሆን? ስምንት ዓመት የጠበቀችው ያንን ለማወቅ ነው። ሰው ቢያውቅባት ያፍርባት ነበር፤ ሬሳ በወጣበት ቤት ስለ ጨዋታ ታስባለች።

ከሦስት ቀን በኋላ አልፊያ ራሷ ስፌት ቤት መጣች። ጋሽ ረሻድ ለሶላት ወጥተዋል፣ ሰብሌ ያለቀ ዩኒፎርም ይዛ መርካቶ ሄዳለች። አልፊያ በሩ ላይ ቆማ ዙቤዳን አየቻት።

"ዛሬም በአፍሽ ነው የምትይዢው?" አለች።

አልፊያ ገብታ የድሮ ቦታዋ ተቀመጠች፣ ከሰብሌ ትራስ ላይ ስፒል እየነቀለች ከንፈሯ ላይ ደረደረች፣ ዙቤዳ ስታያይዘው የነበረውን ጉርድ ወደ ጉልበቷ ሳበች። ከዚያም "ዘዒ፣ ዒሕ የለሽ?" አለች።

ዙቤዳ ተነሥታ ውሃውን ቀድታ አጠገቧ አስቀመጠችላት። ተመልሳ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁለቱም በስፒሉ ቋንቋ ያወሩ ጀመር። መጀመሪያ ዝጓል፤ ኸው ይከርርባቸዋል፣ የዐይን ፊደሉ ያስላቸዋል። ቀስ በቀስ ግን ተፍታታ፤ ያወሩትን እኔ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። አልፊያ አፍ ውስጥ ዙቤዳ የማታውቀው አንድ ድምፅ አለ፤ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃ ላይ ዸ የሚል። የጅማ ጎረቤቶቿ ኦሮሞዎች ናቸው፣ ከእነሱ የለመደችው ነው። "ከንፈር አይፈልግም፣ ስለዚህ ወደ እኛ አስገባሁት" አለች። "ባሌ የገዛልኝ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አወራለሁ። ጎረቤቶቼ ጂን አለባት ይላሉ።" ዙቤዳ ይህን ስትሰማ ደስታና ቅናት አንድ ላይ መጡባት። እሷ ቋንቋውን እንደ ሙት ልጅ ልብስ አጣጥፋ ስታስቀምጥ፣ ያቺኛዋ እዚያ ሩቅ አገር ድምፅ እየጨመረች ታሳድገው ነበር። ዸን ሞከረችው። አልወጣላትም። ሳቁ፤ ስፒሉ እስኪበተን ሳቁ፣ መሬት ተንበርክከው ለቀሙት፣ መልሰው ጎረሱት።

ሳቁ ሲሰክን አልፊያ መዘምዘሙን አላቆመችም። ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ ጠየቀች። "ያን ቀን ለምን ሂጂ አልሽኝ?"

ዙቤዳ ይህን ጥያቄ ስምንት ዓመት ስትሸሸው ኖራለች። "ሰውየው ክፉ ነው?" አለች።

"ደግ ነው። አላህ ይስጠው፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ እሱ አይደለም። አንዲት ቃል ብትይኝ ስፒሉን ተፍቼ እምቢ እል ነበር። አፌን የያዝኩት አንቺን ስጠብቅ ነው።"

ዙቤዳ ለዚህ መልስ አላት፤ ያንኑ ስትጽናናበት የኖረችውን። ስፒሏን መዳፏ ላይ አራግፋ በአማርኛ ተናገረችው፣ በስፒሉ አይነገርምና። "ፈልጌ አጣሁ እኮ አልፊያ! እወድሻለሁ ልልሽ ፈለግሁ፣ ከንፈር አለው። ትናፍቂኛለሽ ልልሽ ፈለግሁ፣ ከንፈር አለው። የምለው ሁሉ ከንፈር ይፈልጋል። ቋንቋችን ቃል አልነበረውም። ምን ልበልሽ ነበር?"

አልፊያ መርፌዋን አቆመች። ስፒሎቹን ከአፏ አላወጣችም።

"አትሂጂ" አለች። "እሱ ውስጥ ምን ከንፈር አለ?"

ዙቤዳ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቃሉን በአፏ ውስጥ አዞረችው። ምላሷ ጥርሷን ነካ፣ ጉሮሮዋ ትንፋሽ ለቀቀ፣ ምላሷ ላንቃዋን ነካ፣ አለቀ። ከንፈሯ እንዳለ ነው። እንደ እንጀራ፣ እንደ ክር፣ ማንም ሳያበጀው ከመጀመሪያውም የነበረ ቃል። እሷ ትልልቁን ስትፈልግ ይህ ጥርሷ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። የስምንት ዓመት ማጽናኛዋ በአንድ ጊዜ ከእጇ ወጣ። ያጣችው ድምፅ አልነበረም፤ ድፍረት ነው። ይህን ስታውቅ እንባዋ ጉርዱ ላይ ወረደ፣ እሷም አልጠረገችውም።

መዳፏ ላይ የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ መልሳ ከንፈሯ ላይ ሰካች። አልፊያም ጠበቀቻት።

"ሊሒ" አለች ዙቤዳ። "አትሂጂ።"

አንድም ስፒል አልወደቀም። አልፊያ ስፒሎቿን አውጥታ ትራሱ ላይ ሰካች፣ የዙቤዳንም እጅ ያዘች።

"ጅማ አራት ልጆች ይጠብቁኛል" አለች በአማርኛ። "ነገ ጧት አውቶቡስ አለኝ፣ እሄዳለሁ። ግን ሰማሁት፣ ዙቤዳ። ሰማሁት።"